ከማዕዱ የተረሱት

የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ለማኅበረ ምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች

የሚነበቡ ክፍሎች፦ የሐዋርያት ሥራ 6፥1-7፤ ዘኍልቍ 12፤ ገላትያ 2፥11-14፤ ሉቃስ 10፥25-37። ከጥናቱ በፊት እያንዳንዱ ሰው በቤቱ ቢያነባቸው መልካም ነው።



ይህን ጥናት የምናቀርብላችሁ ሌላውን ለመገሠጽ ብለን አይደለም። በራሳችን ሥራ ላይ ያየነውን ጉድለት በፊታችሁ ለመናዘዝና ከእናንተም ጋር ሆነን ከቃሉ ለመማር ነው። ጉዳዩ ዘርንና ቋንቋን፥ ሙያንና መልክን እየለዩ ሰውን ስለ መናቅ ነው። ይህ ክፉ ነገር ብዙውን ጊዜ በታላላቅ ጉባኤዎች ይወገዛል፤ የሚኖረው ግን በቦኖ ውሃ ሰልፍ፥ በቡና ጨዋታ፥ በኪራይ ቤት ደጃፍ፥ በፋብሪካ በር ላይ ነው። ስለዚህ መቋቋም የሚገባውም እዚያው በሚኖርበት ስፍራ ነው።

ያየነው ነገር

ገላን ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ በአቃቂና በዱከም መካከል ያለች ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው ከቱለማ ኦሮሞ ጎሣዎች አንዱ ከሆነው ከገላን ነው። እንደ ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ ሁሉ ገላንም በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልላለች። በእነዚህ ከተሞች ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ይታያል። ትናንት ጤፍና ስንዴ ይታጨድበት በነበረው መሬት ላይ ዛሬ ፋብሪካና መኖሪያ ቤት ቆሟል። መሬቱን ያጣው ገበሬ እዚያው አለ፤ ሥራ ፍለጋ ከጋሞ፥ ከወላይታ፥ ከጉራጌ፥ ከአማራና ከሌላውም ክፍል የመጣው ወጣትም እዚያው አለ። ሁለቱም ኑሮ ከብዷቸዋል፤ ሁለቱም እርስ በርሳቸው በጥርጣሬ ይተያያሉ።

በአንድ የክረምት ወራት በገላን ዳርቻ ሕፃናት ላሏቸው ችግረኛ ቤተሰቦች የገንፎ ዱቄትና ዘይት የማደል ሥራ ነበረን። ስም መዝግቦ የሚያቀርብ የሰፈር ኮሚቴ ተመረጠ፤ የኮሚቴው አባላት ሁሉ ለረጅም ዘመን በቦታው የኖሩ፥ እርስ በርስ የሚተዋወቁ ሰዎች ነበሩ። በዕደላው ቀን ስም ሲጠራ ሕፃን ያዘለች አንዲት ወጣት እናት በአጥሩ በኩል ቆማ ትጠባበቅ ነበር። ስሟ አልተጠራም። ቀርባ ስትጠይቅ ከአስተባባሪዎቹ አንዱ፥ «እናንተ መጤዎች ናችሁ፤ ከአገራችሁ ተቀበሉ» አላት። እርስዋም ከጋሞ ደጋ ከባልዋ ጋር የመጣች ነበረች፤ ባልዋ በተከራዩአት አንዲት ክፍል ውስጥ ሸማ ይሠራል። ድምፅዋን ሳታሰማ፥ «ልጄ የተወለደው እዚህ ነው፤ የእርሱስ አገር የት ነው?» አለች።

ወገኖች ሆይ፥ እኛ በዚያ ነበርን። የተባለውን ሰምተናል። ነገር ግን ወረቀታችንን አተኩረን እያየን ዝም አልን። በልባችንም፥ «ዝርዝሩን ያዘጋጀው ኮሚቴው ነው» እያልን ራሳችንን አጸደቅን።

ዝምታውን የሰበሩት ድርሻቸውን ተቀብለው ሊሄዱ የነበሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «አዴ» እያለ የሚያከብራቸው የአገሩ ተወላጅ ናቸው። ዱቄቱን መልሰው በጠረጴዛው ላይ አኖሩትና በኦሮምኛ እንዲህ አሉ፦ «ይህች ልጅ የእኔ ተከራይ ናት። በአንድ ግቢ እያደርን እኔ ለልጅ ልጄ ገንፎ ሳገነፋ የእርስዋ ልጅ ሽታውን ብቻ ሊያሸት ነውን? ይህን ይዤ በደጃፍዋ አላልፍም።» ሌሎችም ሁለት ሴቶች ያላቸውን አኖሩ። ዕደላው ቆመ። በዚያ ሳምንት ኮሚቴውና እኛ ተቀምጠን ቤት ለቤት ዞረን እንደ ገና መመዝገብ ግድ ሆነብን፤ ከዝርዝሩ የቀሩትም አንድና ሁለት ቤተሰቦች ብቻ እንዳልሆኑ ተረዳን።

ከዚህ በኋላ የተማርን መስሎን ነበር። ነገር ግን ጥቂት ወራት ቆይቶ በሌላ ሰፈር ራሳችን ያንኑ ኃጢአት በሌላ መልክ ደገምነው። ማስታወቂያችንን በአማርኛ ብቻ ጽፈን ለጠፍን። መሬታቸው ለግንባታ የተወሰደባቸውን ገበሬዎች፥ «ካሳ ወስደዋልና አይቸገሩም» ብለን ሳንጠይቃቸው ገመትን። አንድ ሽማግሌ ኦቦ ሊጠይቁን በመጡ ጊዜ በአማርኛ ለመናገር ሲቸገሩ ከእኛ አንዱ ሳቀ። ሽማግሌው ሳቁን ሰሙ። ምንም ሳይመልሱ ኮፍያቸውን አድርገው ሄዱ፤ ተመልሰውም አልመጡም። እስከ ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለት ሳምንት ፈጀብን፤ እርሳቸው ግን በዚያው ዕለት ቡና አፍልተው ተቀበሉን።

እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ያቀረብነው በምክንያት ነው። በመጀመሪያው የተናቀው ከሩቅ የመጣው ነበረ፤ በሁለተኛው የተናቀው የአገሩ ባለቤት ነው። መናቅ የአንድ ወገን ብቻ በሽታ አይደለም። ዛሬ የተበደለው ነገ ዝርዝሩን ሲይዝ ሊበድል ይችላል። እንግዲህ ወደ ቃሉ እንመለስ።

1ኛ. የተረሱት መበለቶች (የሐዋርያት ሥራ 6፥1-7)

የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን የዕርዳታ ሥራ ነበራት። በየዕለቱ ለመበለቶች ምግብ ይታደል ነበር። በዚያም ሥራ ላይ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑት አይሁድ መበለቶቻቸው ስለ ተረሱ በዕብራውያኑ ላይ አጉረመረሙ። አራት ነገሮችን እናስተውል።

ሀ/ በደሉ የተደረገው መንፈስ ቅዱስ በወረደባት፥ ሰዎች ሀብታቸውን ሸጠው በሚያካፍሉባት በዚያች ጉባኤ ነው። ስለዚህ «እኛ የዳንን ነን፤ በእኛ ዘንድ ዘረኝነት የለም» የሚለው ንግግር መልስ ሊሆን አይችልም። ምናልባትም መበለቶቹን ሆን ብሎ ያስቀረ ሰው አልነበረም። አዳዮቹ የሚያውቁትን ሰው አሰቡ፤ የማያውቁትን ረሱ። በገላንም የሆነው እንዲሁ ነው። ሰው የሚያስታውሰው የራሱን ወገን ነውና፥ ለማስታወስ ጥረት ካላደረገ ሌላውን ይረሳል።

ለ/ ሐዋርያት ማጉረምረሙን እንደ ዓመፅ አልቆጠሩትም። «እናንተ ሁልጊዜ ነገር ታበዛላችሁ» አላሉም፤ «ስለ አንድነት ስንል ይህን አታንሡ» ብለውም አላፈኑትም። ሕዝቡን ሁሉ ጠርተው በግልጥ ተነጋገሩበት። ብዙ ጊዜ በየማኅበራችን አንድነትን የሚያፈርሰው ቅሬታውን የተናገረው ሰው ነው ይባላል። ክፍሉ የሚያሳየን ግን አንድነቱ የፈረሰው ቅሬታው ከመሰማቱ በፊት፥ መበለቶቹ ባዶ እጃቸውን በተመለሱበት ቀን መሆኑን ነው።

ሐ/ የተመረጡትን የሰባቱን ሰዎች ስም አንብቡ፦ እስጢፋኖስ፥ ፊልጶስ፥ ጵሮኮሮስ፥ ኒቃሮና፥ ጢሞና፥ ጳርሜና፥ ኒቆላዎስ። ስሞቹ ሁሉ የግሪክ ስሞች ናቸው፤ ኒቆላዎስም ከአንጾኪያ የመጣ፥ ወደ ይሁዲነት የገባ የውጭ ሰው ነበረ። እንግዲህ ጉባኤው ያደረገው ለተበደሉት ጥቂት ጨምሮ መስጠት አልነበረም። ጎተራውንና ዝርዝሩን ራሱን ከተበደሉት ወገን ለሆኑ፥ መልካም ምስክርነት ላላቸው ሰዎች አስረከበ። ይህ ለፕሮጀክት ሠራተኞች ታላቅ ትምህርት ነው። ሌላውን ማመን በቃል ሳይሆን ቁልፍን በመስጠት ይገለጣል።

መ/ ፍሬውን በቁጥር 7 ላይ ተመልከቱ። ይህ ከሆነ በኋላ የእግዚአብሔር ቃል እየሰፋ ሄደ፥ የደቀ መዛሙርትም ቁጥር በዛ። የማዕዱ ፍትሕ ለወንጌሉ እንቅፋት አልሆነም፤ መንገድ ጠረገለት እንጂ።

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስም በ1964 ዓ.ም. በውጭ ላሉ አጋሮችዋ በጻፈችው ታዋቂ ደብዳቤ ላይ፥ ወንጌልን መስበክና የሰውን ኑሮ ማሻሻል ሊነጣጠሉ እንደማይገባ፥ ሰው በሙሉ ሰውነቱ መታየት እንዳለበት አስገንዝባለች። በዚያ ዘመን ዋና ጸሐፊዋ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገደሉ። ሰውን በሙሉነቱ ማክበር በአገራችን ዋጋ ያስከፈለ ትምህርት ነው።

2ኛ. ኢትዮጵያዊቱ ሴት (ዘኍልቍ 12)

ማርያምና አሮን ሙሴ ኢትዮጵያዊት ሴት ስላገባ በእርሱ ላይ ተናገሩ። እግዚአብሔርም ተቆጣ፤ ማርያም በለምጽ እንደ አመዳይ ነጣች። ይህን ክፍል እኛ ኢትዮጵያውያን እንወደዋለን። እግዚአብሔር ከተናቀችው ከእኛ ወገን ጎን መቆሙን ስናነብ ደስ ይለናል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በመልካቸው ሲናቁም ልባችን ይቃጠላል። ለምሳሌ በ1988 ዓ.ም. በእስራኤል ከኢትዮጵያውያን አይሁድ የተለገሰ ደም በስውር ይደፋ እንደ ነበረ በታወቀ ጊዜ፥ ብዙ ሺህ ሰዎች በኢየሩሳሌም ወጥተው ተቃወሙ። ይህን ስንሰማ «ደማችን ከማን ደም ያንሳል?» ብለናል፤ ማለታችንም ትክክል ነው።

ነገር ግን ጥያቄው ወደ እኛም ይመለሳል። በገዛ ቤታችን የማርያምን ስፍራ የያዘው ማን ነው? በቆዳው ጥቁረት ምክንያት ወንድሙን «ባሪያ» ብሎ የሚጠራ ሰው ከየት መጣ? በአገራችን ባርነት በሕግ የቀረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው፤ ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ከአንደበታችን አልወጣም። በጨዋታ መካከል ይነገራል፤ ልጆችም ሰምተው ይደግሙታል። ይህን ቃል በአፋችን ስናመላልስ አንድ ነገር እናስታውስ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት አናሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ተሰርቀው ለባርነት የተሸጡ፥ በምፅዋ ነፃ የወጡ ሰው ነበሩ። በሥራው የረዳቻቸው አስቴር ጋኖም እንዲሁ ከባርነት ነፃ የወጣች ነበረች። ትርጉሙ በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። በገላን፥ በሰበታ፥ በሱሉልታ ቃሉን በቋንቋው ያነበበ ሁሉ «ባሪያ» ተብለው ከተናቁ ሰዎች እጅ የሕይወትን እንጀራ ተቀብሏል።

የሙያ ንቀትም ከዚሁ የሚለይ አይደለም። የሚያርስበትን ማረሻ የሚሠራለትን «ቀጥቃጭ»፥ ወጥ የሚሠራበትን ድስት የምታበጅለትን «ሸክላ ሠሪ»፥ የሚለብሰውን ሸማ የሚሠራለትን ሸማኔ፥ ቆዳውን የሚያለፋለትን «ፋቂ» እያለ የሚሰድብ፥ «ቡዳ ነው» ብሎም የሚሸሽ ሕዝብ ሆነን ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከልክለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውንና በዘር፥ በብሔር፥ በቀለም ወይም በትውልድ ልዩነት ሊደረግባቸው እንደማይገባ ይደነግጋል። አዋጅ አስፈላጊ ነው፤ ተበድሎ ለሚከስም ሰው መጠጊያ ነው። ይሁን እንጂ አዋጅ በጎረቤት ማጀት ገብቶ የቡና ስኒ አይለይም። እዚያ የምንገባው እኛ ነን።

3ኛ. ጴጥሮስ ከገበታ የተነሣበት ቀን (ገላትያ 2፥11-14)

ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር አብሮ ይበላ ነበር። ከያዕቆብ ዘንድ አንዳንድ ሰዎች በመጡ ጊዜ ግን ፈርቶ ከማዕዱ ተለየ። ስድብ አልተናገረም፤ ማንንም አላባረረም። ዝም ብሎ ከገበታው ተነሣ። የቀሩትም አይሁድ፥ በርናባስ እንኳ ሳይቀር፥ ተከትለውት ተነሡ። በዚያች ሰዓት የቀሩት የአሕዛብ ወገኖች በግማሹ ባዶ በሆነው ገበታ ላይ ተቀምጠው ምን እንደ ተሰማቸው አስቡ።

በአገራችን ይህ በደንብ ይታወቃል። በብዙ አካባቢ ለእጅ ባለሙያዎች የሚቀርብላቸው ዕቃ የተለየ ነበር፤ በከፋ ማንጆ የሚባሉት ወገኖች ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ፥ ወደ ቤትም እንዳይገቡ ሲደረግ ኖሯል። «እኛ እንዲህ አናደርግም» የምንል የከተማ ሰዎች ደግሞ በሌላ መንገድ ከገበታ እንነሣለን። ልጃችን የምታገባው ወንድም በእምነቱ የታወቀ ቢሆንም «ዘሩ ምንድን ነው?» ብለን እስከ ሰባት ቤት እንቈጥራለን። ቤታችንን ለማከራየት ደላላውን፥ «የየት አገር ሰው ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ከጸሎት በኋላ በየቋንቋችን ተሰብስበን ቆመን ሌላውን ብቻውን እንተወዋለን።

ጳውሎስ ያደረገውን ልብ በሉ። ከኋላው አላማውም፤ ፊት ለፊት፥ በሁሉ መካከል ተናገረው። ምክንያቱም በደሉ በሁሉ ፊት የተደረገ ነበረ። የተናገረውም ጴጥሮስን ለማዋረድ አይደለም፤ አካሄዱ ከወንጌል እውነት ጋር የማይስማማ ስለ ሆነ ነው። ጴጥሮስና ጳውሎስ ከዚህ በኋላ ጠላቶች ሆነው አልቀሩም። እንግዲህ በፍቅር የተነገረ ተግሣጽ ወንድማማችነትን ያጸናል እንጂ አያፈርስም። ዝምታ ግን በርናባስን እንኳ ይዞ ሄዷል።

4ኛ. እርጥብ ሣር የያዙ ሽማግሌዎች (ሉቃስ 10፥25-37)

በመስከረም 2011 ዓ.ም.፥ አዲሱ ዓመት በገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ፥ በቡራዩና በአካባቢው፥ በአሸዋ ሜዳም ጭምር፥ በሰዎች ላይ በማንነታቸው ምክንያት ጥቃት ተደረገ። ከተጎዱት መካከል ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች፥ በሽመና የሚተዳደሩ ሰዎች ነበሩ። ሰዎች ሞቱ፤ ቤትና ንብረት ጠፋ፤ በሺህ የሚቆጠሩም ሸሽተው በአዲስ አበባ በትምህርት ቤቶችና በሌሎች መጠለያዎች ተሰበሰቡ። ይህን የምናነሣው ቁስልን ለመቀስቀስ አይደለም። ከተሞቻችን ያለፉበትን ነገር ሳይናገሩ መጸለይ ስለማይቻል ነው። አንድ ሕዝብ በጥቂቶች ሥራ እንደማይከሰስም በዚሁ አጥብቀን እንናገራለን።

ወሬው አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ወጣቶች ተቆጥተው ወጡ። በዚያ ከተማ የሚኖሩ የኦሮሞ ተወላጆችንና ከኦሮሞ ጋር የተያያዘ ንብረትን ለመበቀል ተነሡ። በዚያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል እርጥብ ሣር የሰላም ምልክት ነው፤ ሣር ይዞ የተንበረከከን አባት አልፎ መሄድ ነውር ነው። ወጣቶቹም ቆሙ፥ ተመለሱም። የአርባ ምንጭ ኦሮሞዎች ቤታቸው ሳይቃጠል አደሩ።

ሽማግሌዎቹ መሣሪያ አልነበራቸውም፤ ባለ ሥልጣኖችም አልነበሩም። ልጆቻቸው የሞቱባቸው ሆነው ሳለ ልጆቻቸውን ከገደለው ወገን ነው የተባለውን ጎረቤት አዳኑ። ጌታችን በምሳሌው የተናገረው ይህንኑ አይደለምን? የሕግ አዋቂው «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ብሎ ድንበር እንዲሠመርለት ጠየቀ። ጌታ ግን ድንበሩን አልሠመረለትም፤ ይልቁን አይሁድ የሚንቁትን ሳምራዊ አቁሞ፥ ለወደቀው ባልንጀራ የሆነው የትኛው እንደ ሆነ ጠየቀው። ሰውዬውም «ሳምራዊው» ብሎ ስሙን ለመጥራት እንኳ አልቻለም፤ ምሕረት ያደረገለት ብሎ ብቻ መለሰ።

በኦሮሞም ባህል እርጥብ ሣር የሰላምና የምስጋና ምልክት ሆኖ በእጅ ይያዛል። ከልማድ ጋር የተያያዘ የእምነት ጉዳይ ላይ ማኅበራችን ምንም ዓይነት አቋም ቢኖረው፥ ይህን ሳያስተውል ማለፍ የለበትም፦ በቡራዩ የተጋጩት ሁለቱም ሕዝቦች ለሰላም የሚያነሡት ምልክት አንድ ነው። የመስቀሉ ሰዎች የሆንን እኛ ከእነዚያ ሽማግሌዎች አንሰን እንገኝ ዘንድ አይገባም።

5ኛ. በየዕለቱ ምን እናድርግ?

አንዳንዶች፥ «እኛ ተራ ሰዎች ነን፤ ምን ማድረግ እንችላለን?» ይላሉ። በአሜሪካ በሞንትጎመሪ ከተማ ከታኅሣሥ 1955 እስከ ታኅሣሥ 1956 እ.ኤ.አ. ጥቁሮች በአውቶቡስ ላይ ይደረግባቸው የነበረውን መለየት በመቃወም ለ381 ቀናት በአውቶቡስ አልሳፈር ብለው ነበር። መሪዎቻቸው በዓለም ታውቀዋል። ነገር ግን ያን ያህል ቀን በእግራቸው የተመላለሱት አብዛኞቹ በሰው ቤት የሚያበስሉና ልብስ የሚያጥቡ እናቶችና የቀን ሠራተኞች ነበሩ። ተራ ሰው የሚያደርገው ትንሽ ነገር ሲደጋገም ታላቅ ይሆናል። ስለዚህ የሚከተሉትን እናሳስባለን።

ሀ/ በጨዋታ መካከል የሚነገረውን ንቀት በሳቅ አናጅበው። መቆጣት አያስፈልግም። «ወንድሜ፥ ይህ ቃል በቤታችን አይነገርም» ማለት ይበቃል። ተናጋሪው ታላቃችን ከሆነ፥ «ጋሼ፥ እርስዎን ስለማከብር ነው፤ ይህን እንዲህ ባይሉት» ብንል ክብሩን ጠብቀን እውነቱን ተናገርን። ሳቅ ሲያጣ ብዙ ቀልድ ይሞታል።

ለ/ የተሰደበው ሰው ብቻውን እንዳይቆም ከጎኑ እንቁም። በሰልፍም ሆነ በታክሲ ውስጥ ተሳዳቢውን ከመጋፈጥ በፊት የተሰደበውን ሰላም ማለት፥ «እኅቴ፥ ነይ ከእኔ ጋር ቁሚ» ማለት ይቻላል። ነገሩ ወደ ጠብ እንዳይሄድም ይረዳል።

ሐ/ ቤት የምናከራይ፥ ለሥራ ሰው የምንመርጥ፥ የእድር አባል የምንቀበል ሁሉ፥ የሰውን ጠባይ እንጂ ትውልዱን አንጠይቅ። በእድራችን የመተዳደሪያ ደንብ ውስጥ አንድን ወገን የሚያስቀር ልማድ ካለ በስብሰባ ላይ እናንሣው። አብረን ልንቀብረው የማንፈልገውን ሰው እንወደዋለን ልንል አንችልም።

መ/ የጎረቤታችንን ቋንቋ እንማር። በገላን የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ክርስቲያን በኦሮምኛ ሰላምታ መስጠትና «ይቅርታ» ማለት ካልቻለ፥ በአገሩ ሰው ፊት እንግዳ ሆኖ መቅረቱ በምርጫው ነው። ማኅበሮችም አስተርጓሚ ያዘጋጁ፤ ዓመቱን ሙሉ የሚተረጐምለት አንዱ ወገን ብቻ እንዳይሆን ይጠንቀቁ።

ሠ/ በልጆቻችን ፊት የምንናገረውን እንጠብቅ። ልጅ ስለ ሌላው ሕዝብ የመጀመሪያውን ትምህርት የሚማረው በምድጃ ዳር ነው።

ረ/ የፕሮጀክት ሠራተኞች በተለይ እነዚህን ይፈጽሙ። የተረጂዎች ኮሚቴ ከሁሉም ወገን፥ ተከራዮችን፥ ሴቶችንና የእጅ ባለሙያዎችን ጨምሮ ይመረጥ። ማስታወቂያ በአካባቢው በሚነገሩት ቋንቋዎች ሁሉ ይጻፍ፤ ለማያነቡም በቃል ይነገር። የመታወቂያ ወረቀት የሌለው ሰው ጎረቤቶቹ እንዲመሰክሩለት ይደረግ። ዝርዝሩ ከዕደላው በፊት በግልጥ ይነበብ፤ ሲነበብም «ማን ቀረ?» ተብሎ ይጠየቅ። ይህች ጥያቄ አጭር ናት፤ እኛ ግን እስክንጠይቃት ድረስ አንዲት አሮጊት ዱቄታቸውን መልሰው ማኖር ግድ ሆኖባቸዋል።

እነዚህን ሁሉ ስናደርግ ሁልጊዜ አይሳካልንም። የሚቀየም ወዳጅ ይኖራል፤ «ወገንህን ከዳህ» የሚል ዘመድም አይጠፋም። ስለዚህ ብቻችንን ከምናደርገው ሁለትና ሦስት ሆነን እናድርገው። አዴ ዱቄታቸውን ሲያኖሩ ሁለት ሴቶች ባይከተሏቸው ኖሮ ምናልባት ዕደላው ይቀጥል ነበር። የመጀመሪያ ለመሆን ድፍረት ያላገኘ ሰው ሁለተኛ ሊሆን ይችላል።

ያች ወጣት እናት ዛሬ በዚያው ሰፈር በሥራችን የዝርዝር ኮሚቴ ውስጥ ታገለግላለች። ኦሮምኛም ከአከራይዋ ተምራለች። ስም በሚነበብበት ቀን ከሁሉ አስቀድማ ወደ አጥሩ በኩል የምትመለከተው እርስዋ ናት።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በማኅበራችን ወይም በፕሮጀክታችን ዛሬ «የተረሱት መበለቶች» እነማን ናቸው? ስማቸውን እናውቃለንን?

2. በሐዋርያት ሥራ 6 ጉባኤው ኃላፊነቱን ለተበደሉት ወገኖች ሰጠ። እኛ ቁልፉን ለማን ሰጥተናል? ለማንስ ለመስጠት እንፈራለን? ስለ ምን?

3. እያንዳንዳችን እንደ ማርያም ሰውን የናቅንበትን፥ እንደ ኢትዮጵያዊቱም የተናቅንበትን ጊዜ እናስብ። ሁለቱን በአንድነት ማስታወስ ምን ያስተምረናል?

4. ጴጥሮስ የፈራው ማንን ነበረ? እኛስ በወንድማችን ላይ ንቀት ሲነገር ዝም የምንለው ማንን ፈርተን ነው?

5. የጋሞ ሽማግሌዎች ኀዘናቸው ሳይበርድ ለሌላው ተንበረከኩ። በሰፈራችን ጠብ ቢነሣ በመካከል ሊቆሙ የሚችሉ እነማን ናቸው? ዛሬ፥ ሰላም ሳለ፥ ምን ሊያዘጋጁ ይገባል?

6. በዚህ ሳምንት ይቅርታ ልንጠይቀው የሚገባን ሰው አለን? ወደ ቤቱ መቼ እንሂድ?

ለጸሎት

በቡራዩና በአካባቢው በ2011 ዓ.ም. ወገኖቻቸውን ስላጡ ቤተሰቦች፤ ከመሬታቸው ስለ ተፈናቀሉ ገበሬዎችና ሥራ ፍለጋ ከሩቅ ስለ መጡ ወጣቶች፤ በገላን፥ በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ ስላሉ ማኅበሮች፤ ዝርዝር ስለሚይዙ የሥራ ባልደረቦቻችንም ጸልዩ። ዝም ባልንበት ቀን ይቅር እንዲለን፥ መናገር በሚገባንም ቀን አንደበታችንን እንዲከፍት ለምኑልን።

በአንድ ማዕድ የሰበሰበን ጌታ ሁላችንንም ይርዳን። አሜን።